ታስራ ትለምዳለች

የምትነቆር ዶሮ ጩኸት እንቁላል ከጣለች ዶሮ ጩኸት ይለያል፤ የኋለኛው ረጅምና ጉራ ያለበት ሲሆን የመጀመሪያው ገና ሳይወጣ ተቆርጦ የሚቀር አጭር ድምፅ ነው። ሰሞኑን ሶዶ ውስጥ ከአጥሬ ማዶ ያሉት ጎረቤቶቼ ከገበያ አዲስ ዶሮ አምጥተው በእግሯ አስረዋት ኖሮ፣ ያ ድምፅ ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ያስነሳኛል። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቼም ስሰማው ደሜ ይፈላል።

ያደግኩት ከሶዶ ወደ ሻንቶ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጓሮው በእንሰት በተሸፈነ ቤት ነው። ቤቱ የአባቴ ነው ይባል እንጂ የታላቅ እህቱ፣ የአክስቴ የብርቄ ነበር። ባሏ ሞቶባት ወንድሟ ዘንድ ከገባች ጀምሮ ምድጃው አጠገብ ያለውን በርጩማ የራሷ አድርጋ፣ ከጎደሬው ማን ቀድሞ እንደሚያነሳ፣ ቅቤው መቼ እንደሚወጣ እሷ ትወስን ነበር። እናቴ ቆላ ካለችው ከተበላ ከተማ የመጣች በመሆኗ «ቆላዋ» ትባል ነበር፤ እህል የምትቀምሰውም ሁላችንም ከበላን በኋላ፣ ንፋስ የሚገባበት በር አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ነበር። አባቴ አያይም ነበር እንዳትሉኝ፤ ያያል። «ትለምዳለች» ይል ነበር፣ ወንድሜን ታደሰንና እኔን ከወለደችለት በኋላ እንኳ!

አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል የእናቴ እናት ከተበላ በሚኒባስ መጥታ አንዲት ገብስማ ቄብ ዶሮ አመጣችልኝ። «የራስሽ ናት፤ እንቁላሏም ጫጩቷም ያንቺ ነው» ስትለኝ የምሆነውን አጣሁ። አያቴ ገና ሳትመለስ አክስቴ ብርቄ የቃጫ ገመድ ፈልጋ ዶሮዬን በእግሯ እንሰቱ ግንድ ላይ አሰረቻት። አዲስ ዶሮ ቤቱን እስክትለምድ መታሰር አለባት፣ አለዚያ ጠፍታ ትቀራለች ይባላል፤ በሰፈራችን ይህን የማያደርግ አልነበረም። ያልታሰሩት ዶሮዎች ምን እንደሚያደርጓት ግን ያሰበ ሰው አልነበረም።

የአክስቴን ቀይ ዶሮ እኔና ታደሰ «እመቤት» እንላት ነበር። እመቤት መጥታ አንድ ጊዜ ዞረቻትና አናቷን ነቆረቻት። ገብስማዋ ገመዱ እስከፈቀደላት ድረስ ሮጣ፣ ተስባ ወደቀች። ከዚያ በየተራ መጡባት። ከሁሉም ያንገበገበችኝ ጥቁሯ ዶሮ ነበረች፤ ሁልጊዜ በእመቤት ስትነቆር የኖረች፣ የጅራቷ ላባ እንኳ ያልቀረላት ዶሮ፣ የታሰረች ስታገኝ ልብ አግኝታ ከሁሉም ብሳ ቁጭ አለች።

«አክስቴ፣ ልትገድላት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

«ዶሮ ናት እኮ፤ ተነቁራ ትለምዳለች። እኛስ አማታችን ቤት እንዲሁ አይደል የለመድነው?» አለችኝ፣ ከበርጩማዋ ሳትነሳ።

አባቴ ዘንድ ሄድኩ። እሱም «እኔ በሴትና በዶሮ ጠብ ውስጥ አልገባም» ብሎ ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

ክረምቱን ሙሉ ዝናብ እየወረደባት እዚያው ግንድ ሥር ከረመች። አንድ ቀን ስትፈታ ነፍሴ አውጪኝ ብላ ወደ አስፋልቱ ሮጠች፤ አክስቴም «አላልኳችሁም? አልለመደችም!» ብላ መልሳ አሰረቻት። ሸሸች ተብላ ትታሰራለች፣ ታስራ ትነቆራለች፣ ተነቁራ ትሸሻለች። አናቷ ተመልጦ ደም ቋጠረ፤ እህሏንም የምትለቅመው ሌሎቹ ሲተኙ ብቻ ነበር። በመጨረሻ ጊፋታ፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሲቃረብ አክስቴ ፈረደች፦ «እንግዲህ ካልለመደች ለበዓሉ ትታረድ፤ እህል ለምን ታባክናለች?» የነቆረችው አይደለችም የምትታረደው፤ የተነቆረችው ናት! ይህ ፍርድ ነው? ዶሮዬን አቅፌ እንሰት ሥር እየተንሰቀሰቅኩ ሳለ እናቴ ከወንዝ እንስራዋን ተሸክማ መጣች።

እንስራውን አወረደችና የገብስማዋን እግር ፈታች። ከዚያም በቆሎ በትና እመቤትን ጠራቻት፤ እመቤት እንደ ልማዷ ሁሉን ገፍታ ስትመጣ ሁለት ክንፏን ያዘችና በዚያው ገመድ አስራ፣ ከማጀት ጀርባ ማንም የማያያት ቦታ ትልቅ ቅርጫት ደፋችባት።

«መልመድ ያለባት ይቺ ናት» አለች።

አክስቴ ራሷን ይዛ ወጣች። «በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት! በወንድሜ ቤት የእኔ ዶሮ ትታሰር?»

አባቴ አፉን ሊከፍት ሲል እናቴ ዞረችና፣ «አንተ በሴትና በዶሮ ጠብ ውስጥ አትገባም አይደል?» አለችው። እሱም እንዳለው አልገባም።

ያን ጊፋታ አክስቴ አኩርፋ ከጓዳ ሳትወጣ ዋለች። እናቴ ድስቱን ልታማስል በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ሳትነሳ እዚያው በላች። በዓሉ አልፎ እመቤት ስትፈታ የነበራት ቦታ አልጠበቃትም፤ መጀመሪያ የነቆረቻት ያቺ ጥቁር ዶሮ ነበረች። ገብስማዬ ላባ አበቀለች። እኔም በዚያ ዕድሜዬ ዓለም የተስተካከለ መስሎኝ ነበር።

በጋው አልፎ በልግ ሲገባ ገብስማዋ ጫጩት ፈልፍላ፣ ደረቷን ነፍታ የግቢው አዛዥ ሆነች። በዓመቱ አባቴ ከበዴሳ ገበያ አንዲት ነጭ ቄብ ገዝቶ ሲመጣ፣ ገና መሬት ከመንካቷ አናቷን ያገኘቻት ማን መሰላችሁ? የእኔዋ ጉድ! እንጨት ይዤ ጓሮውን እያዞርኩ አባረርኳት። «አንቺ እንኳን! አንቺ እንኳን!» እያልኩ ከንዴት የተነሳ አለቀስኩ። እናቴ ማጀት በር ላይ ቆማ በእኔ ትስቅ ነበር።

አክስቴ ብርቄ ካረፈች ቆይቷል፤ ታደሰም ባለፈው ዓመት ምሕረት የምትባል የበዴሳ ልጅ አግብቶ እዚያው ቤት ገብቷል። በዚህ ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ ራት ሲቀርብ፣ እናቴ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ለሁላችንም አወጣችልን። ምሕረት ቆማ አሳላፊ ሆነች፤ ሁላችንም ከጀመርን በኋላ የተረፈውን በሰሃን ይዛ በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ምሕረት ለምን እዚያ ትበላለች?» አልኳት።

«ገና አዲስ ናት፤ ትለምዳለች» አለችኝ፣ ከድስቱ ቀና ሳትል።

ታደሰን አየሁት፤ ስልኩን እየነካካ ነበር። ያኔ የተበደለችውም የበደለችውም ዶሮ ስለነበረች አንዲት የቃጫ ገመድ በቃች፣ ገመዱን ያሰረችውም እናቴ ነበረች። ዛሬ በርጩማው ላይ ያለችው እሷው ናት፤ እናትን ምን ብዬ ቅርጫት ልድፋባት? ንዴቴ ግን ያው የልጅነቴ ንዴት ነው። ሰሃኔን አንስቼ ሄድኩና ምሕረት ጎን መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። የክረምቱ ንፋስ በበሩ ሥር ገብቶ እግራችንን ይጋረፍ ነበር።

እናቴ ማንኪያዋን እንደያዘች ከድስቱ ቀና አለች።

«እዚያ እኮ ይበርዳል» አለች።

«ታውቂዋለሽ» አልኳት።