ሁለቱም ባትሪ በግራ በኩል

ደባርቅ የሶላር ባትሪ እየገጠምኩ በምኖርበት ጊዜ፣ አያ ፈንታ የሚባሉ የዳባት ሰው ጎርጎራ ድረስ ወሰዱኝ። ጣና ላይ ዓሣ ለሚያጠምዱባት ትንሽ ጀልባ መብራት የሚሆኑ ሁለት ትልልቅ ባትሪዎች ገዝተዋል። ባትሪዎቹን መሃል ላይ ላስራቸው ስል ከለከሉኝ።

«ሁለቱንም በግራ በኩል አድርጋቸው።»

«አያ፣ ጀልባዋ እኮ ትገለበጥብዎታለች።»

«ግድ የለም፣ እሰር» አሉ፣ ዓይናቸውን ከውሃው ሳያነሱ።

እየከፋኝ አሰርኩ። ገፍተን ውሃው ውስጥ ስናስገባት በግራ አዘንብላ ልትሰጥም ደረሰች። አያ ፈንታ ግን ቀስ ብለው ገቡና በቀኝ ጠርዝ ተቀመጡ። ጀልባዋ ቀጥ አለች።

«እዚያ ወንድሜ ነበር የሚቀመጠው» አሉኝ ባትሪዎቹን እያዩ። «ክረምት ላይ ውሃው ወሰደው። እኔም ከቦታዬ ተነስቼ መሃል መቀመጥ አቃተኝ።»