ጨጓራ ያመጣችው ሚስት

ካዛንቺስ መድኃኒት ቤት ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ወይዘሮ ሶስና መጀመሪያ ያሳዩኝ የኦሜፕራዞሉን መደርደሪያ ነው። «እዚህ ሰፈር ጨጓራ የሌለው የለም። የታዘዘውን ስጥ፤ ስለ ኑሯቸው አትጠይቅ» አሉኝ።

መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ሠራተኛው ጨጓራውን በአለቃው ያላክካል፣ አከራዩ በተከራዩ። የጨጓራ ቁስልን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ባክቴሪያ እንደሆነ ስነግራቸው በትሕትና ያዳምጡኛል። በባክቴሪያ ግን ማን ይቆጣል።

ጋሽ መኮንን ለገሃር የሚሠሩ ሒሳብ ሹም ነበሩ። ባክቴሪያው በምርመራ ተገኝቶባቸው ከባለቤታቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር መጡ። የታዘዘላቸው አሲዱን የሚቀንሰው ኦሜፕራዞል፣ ባክቴሪያውን የሚገድሉት አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ነው። አወሳሰዱን ከረጢቱ ላይ ጻፍኩላቸው።

«ሕመሙ ቢጠፋም እንዳያቋርጡ» አልኳቸው።

«አንተ የፈለግኸውን ስጠኝ። ጨጓራዬን የላጠችው ይቺው ናት» አሉ፣ በአገጫቸው ወደ ሚስታቸው እየጠቆሙ።

«እኔ የምልጠው ድንች ነው» አሉ እትዬ አልማዝ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ መኮንን ፊታቸው በርቶ ብቻቸውን መጡ። ተጣልተው፣ እትዬ አልማዝ ወሎ ሰፈር እህታቸው ዘንድ ሄደዋል።

«ልክ እንደሄደች ቃጠሎው ጠፋ። በቃ፣ መድኃኒቱንም ተውኩት።»

«ጋሼ፣ የተሻለዎት በመድኃኒቱ ነው። እሱን ይጨርሱ፣ እትዬንም ይመልሷቸው።»

«ትዳር አለህ?»

«የለኝም።»

«እንግዲያው ስለ ክኒንህ ብቻ አውራ።»

ወይዘሮ ሶስና ከኋላዬ ሳቁ።

የቀረውን የነገሩኝ ባልና ሚስቱን ሊያስታርቁ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ የራሳቸውን ኦሜፕራዞል ሊገዙ መጥተው። ጋሽ መኮንን ጨጓራቸውን ማስረጃ አድርገው አቅርበዋል፣ ሽማግሌዎቹም ተቀብለዋል። «እሷ ስትሄድ ከዳነ ምን እንበለው?» አሉኝ። እነሱም ባለ ጨጓራ ናቸው።

ባልና ሚስቱ ተፋቱ።

ክረምት ሲገባ ጋሽ መኮንን ሆዳቸውን ይዘው ባንኮኒው ላይ ተደገፉ። ባክቴሪያው አልጠፋም ነበር፤ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ጽፎላቸዋል።

«ቤቱ ውስጥ እኮ ማንም የለም» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማን አናዶኝ ነው?»

አወሳሰዱን ከረጢቱ ላይ ጻፍኩላቸው። ያን ጊዜ እስከ መጨረሻው ወሰዱት፣ ዳኑም። ከዚያም እንዲያስታርቋቸው ወሎ ሰፈር ሽማግሌ ላኩ። እትዬ አልማዝ አልመጡም።

ለወጣት ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው። የጨጓራ መድኃኒት ስትሰጡ ቃጠሎው በቶሎ ሊጠፋ እንደሚችል፣ የሚያጠፋውም ክኒኑ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከበሽተኛው ጋር የመጣው ሰው እየሰማ።