ለልጄ የሠራሁት የባሕር ሰሌዳ

ቁጡ ነኝ። ይህን ልደብቅ ብል ስዊድን ያለችው ሰፈሬ ቴንስታ ሙሉ ይመሰክርብኛል። ንዴቴ እንደ ክብሪት ቦግ ብሎ ወዲያው ይጠፋል፤ ክፋቱ፣ በዚያች ቅጽበት ከአፌ የሚወጣው ነገር አብሮ አይጠፋም።

አንድ ልጅ አለችኝ። ምህንድስና ሦስት ዓመት ከተማረች በኋላ አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብታ በስዊድንኛ “አቋርጫለሁ” አለችኝ። ለካ ዳጊስ፣ ማለት መዋዕለ ሕፃናት፣ ገብታ ልጆች መጠበቅ ጀምራለች፤ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ነፋስ በተነሳ ቁጥር ደግሞ ጥቁር የላስቲክ ልብሷን ለብሳ፣ የሰርፍ ሰሌዳዋን አቅፋ፣ ከከተማው በስተደቡብ ወዳለው ድንጋያማ ባሕር ዳርቻ ትሮጣለች። ሰው በዚያ ብርድ ካልሲ ደርቦ ቤቱ ይቀመጣል፤ እሷ ማዕበል ላይ ቆማ ልትንሸራተት! “ለዚህ ነው እንዴ ያሳደግኩሽ?” አልኳት። እሷ አንድ ስትመልስ እኔ አሥር ስናገር፣ ኮሪደር ላይ ተደግፎ የቆመውን ሰሌዳዋን አንስቼ ደረጃውን ወረድኩና አሮጌ ዕቃ የሚጣልበት ክፍል ውስጥ ወረወርኩት። ሁለት በጋ ሠርታ የገዛችው ነበር። ተመልሼ ስወጣ በሩ ላይ ቆማለች።

“ቀብሬ ላይ እንዳትቆሚ!” አልኳት።

የኔ እናት ይህን ቃል ስንቴ ብላኛለች! ጠዋት ትለዋለች፣ ማታ “ነይ እራትሽን ብዪ” ትላለች። ልጄ ግን ሰው በተናገረው በሚያዝበት አገር ነው ያደገችው። “የምርሽን ነው?” አለችኝ፣ ረጋ ብላ። እኔ ጅሏ “አዎ!” አልኩ። ጃኬቷን ለብሳ ወጣች። በማግስቱ ሰሌዳውን ላመጣ ብወርድ አንዱ ወስዶታል። ስልኳንም ቀየረች። ዓመት ከመንፈቅ ድምፅዋን አልሰማሁም።

ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሃሉንዳ የሚኖሩ፣ ድሮ በተማሪነት አብረን የመጣን፣ ዛሬ ጡረታ የወጡ ሁለት የተከበሩ ሰዎች ሄደው አነጋገሯት። ሻይ አፍልታ፣ አክብራ አስተናገደቻቸው። “እኔ አልተቀየምኩም፤ አትምጪ ያለችኝ እሷ ናት” ብላ ሸኘቻቸው። እውነቷን ነው።

አዲስ ሰሌዳ ገዝቼ ልላክላት አልኩና ተውኩት። ድካም የሌለበት ይቅርታ አፍ ላይ ይቀራል። ከዚያ እጄን አየሁት። አባቴ አናጢ ነበር፤ አዲስ አበባ፣ ጓሯችን ውስጥ፣ አልጋና ቁምሳጥን ይሠራ ነበር። እኔ በፍቅፋቂ ውስጥ ነው ያደግኩት። ጎረቤት “ሴት ልጅ መላጊያ ታስይዛለህ?” ሲለው “እጇ ከእናንተ ይሻላል” ይል ነበር። ስዊድን መጥቼ ኬሚስትሪ ተማርኩ፣ ሠላሳ ዓመት ላቦራቶሪ ሠራሁ፣ ጡረታ ወጣሁ፤ እጄ ግን አልረሳም።

አሠራሩን ኢንተርኔት ላይ አነበብኩ። ከእንጨት የሚሠራው ሰሌዳ ድፍን አይደለም። መሐሉ ላይ አከርካሪ፣ ግራና ቀኝ ጎድን አለው፤ ከላይና ከታች በቀጫጭን ጣውላ ይለበጣል እንጂ ውስጡ ባዶ ነው። ምድር ቤት ያለችኝ ፎሮድ ጠባብ መጋዘን ስለሆነች በቁመቱ አልገባ አለ። ስለዚህ ሳሎን ሆነ። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋሁ፣ ወንበሮቹን ኮሪደር ላይ ደረደርኩ፣ ሁለት መቆሚያ አቆምኩ።

ጣውላው እንዲጎብጥልኝ የፈላ ውሃ በጨርቅ እያጠጣሁ፣ ቀስ በቀስ ለመንኩት። ኮላው እስኪይዝ አጥብቆ የሚያቆየው ሞርሳ ሃያ ያስፈልጋል፤ ያለኝ አራት። አባቴ ሞርሳ ሲያጥረው ምን ያደርግ እንደነበር ትዝ አለኝ፤ የብስክሌት ከመነዳሪ፣ የውስጡን ጎማ፣ እንደ መቀነት ቆራርጦ የወንበሩን እግር ጥፍር አድርጎ ያስረው ነበር። እኔም ከብስክሌት ጠጋኝ ያረጀ ከመነዳሪ ለምኜ አመጣሁና ሰሌዳዬን እንደ ሕፃን ጠቀለልኩት።

እንጨት ስትልጊ አፍሽ ይዘጋና ልብሽ ይናገራል። አባቴ እጄን ሲያመሰግን ሥራውን ትወርሳለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። “ውጭ አገር ልማር ነው” ያልኩት ቀን መላጊያውን አስቀመጠ። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠራ ሰንብቶ የእንጨት ሻንጣ ሰጠኝ፤ ማዕዘኑ ሁሉ የተወለወለ። እኔስ ልጄ መንገድ ስትቀይር ምን ሠራሁላት? አፈርኩ። ብቻዬን፣ ሳሎን መሐል ቆሜ አፈርኩ።

ጎረቤት እንዳይረበሽ መጋዝና መላጊያውን በሥራ ቀን፣ ድምፅ የሌለውን የኮላ ሥራ እሑድ አደረግኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ሲያልቅ ራሴ ተሸክሜ ደጇ ድረስ ልወስድላት ነበር ሐሳቤ፤ ሰው ቀድሞ አውርቶ እንዳያበላሽብኝ ብዬ ነው። በሩን ባትከፍትልኝስ? እየላግኩ የማስበው ይህንኑ ነበር። ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ነገር አልነበረም።

በአራተኛው ሳምንት አንዲት የዕድራችን ሴት ለምን እንደጠፋሁ ልትጠይቅ መጣች። በሩን ገርበብ አደረግኩላት። ለአቧራው ብዬ ራሴን በነጠላ ጠምጥሜያለሁ፣ ዓይኔ ከብናኙ የተነሳ ቀልቷል። ከኋላዬ ደግሞ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ የእንጨት ነገር ነጭ አንሶላ ለብሶ ተጋድሟል።

“ደህና ነሽ ግን?”

“ደህና ነኝ።”

“እሱ ምንድን ነው?”

“ሲያልቅ ታዪዋለሽ” ብዬ ዘጋሁባት።

የአናጢ ልጅ መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ወሬው በሰማያዊው የባቡር መስመር ከቴንስታ ሲነሳ “ታማለች፤ ለሰው አልናገርም ብላ የራሷን የሬሳ ሣጥን እየሠራች ነው” ነበር። ሪንከቢ ላይ “አልጋ ይዛለች” ሆነ። በቀዩ መስመር አድርጎ ሃሉንዳ ሲገባ ሞቻለሁ። ይህን ሁሉ እኔ የሰማሁት በኋላ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳውን ለመጨረሻ ጊዜ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስኩ ደረጃው ላይ ዋይታ ሰማሁ። ደግሞ ማን ሞተ ብዬ በሩን ከፈትኩ። ስድስት ሴቶች ናቸው፤ ጥቁር ለብሰው፣ ድስት ተሸክመው። ከፊት ያሉት የሁላችን ታላቅ፣ እማማ የምንላቸው፣ አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

“በስመ አብ! አንቺ ቆመሻል እንዴ?”

“ታዲያ ልተኛልዎት?”

“ሞተች ተብለን ነው እኮ የመጣነው!”

“ማን?”

“አንቺ ነሻ!”

አንዷ ሳቀች፣ አንዷ ድስቱን እንደያዘች አለቀሰች፣ ያቺ ወሬ ያወጣችው ከሁሉም ኋላ አንገቷን ደፍታለች። ቁጣዬ ቦግ ሊል ሲል እማማ አልፈውኝ ገቡና ሰሌዳውን ዞረው ዞረው አዩት።

“እና ይሄ ምንድን ነው?”

“ልጄ ባሕር ላይ የምትቆምበት ነው።”

“ባሕር ላይ የቆመስ ጌታችን ብቻ ነው። ጴጥሮስ እንኳ መስመጥ ጀምሮ ነበር” አሉ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅኩ።

ድንገት እማማ ሳቃቸውን ቆረጡ። “ወይኔ! ልጅቷን ሊያመጡ ሄደዋል እኮ!”

“እነማን?”

“እነዚያ ሁለቱ ሽማግሌዎችሽ። ማለዳ ነው የወጡት።”

“ምን ብለው ነው የሚያመጧት?”

“ምን ይባላል? አመም ብሏታል ነዋ።”

መርዶ በስልክ አይነገርም። ሄደው፣ “አመም ብሎታል፣ ተነሽ እንሂድ” ብለው፣ ሰው ወደተሰበሰበበት ቤት አምጥተው ነው የሚያረዱሽ። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ሳለ አባቷ በድንገት ሞተ። ያኔ ትምህርት ቤቷ ድረስ ሰው ልኬ “አባትሽ አመም ብሎታል” ያስባልኳት እኔው ነኝ። መንገዱን ሙሉ “ለአባዬ ብርቱካን እንግዛለት” ስትላቸው ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ቤታችን ውስጥ ጠርተናት አናውቅም፤ ጉንፋን ሲይዘኝ እንኳ “አመመኝ” አልላትም። አሁን ሲነግሯት ምን ማለት እንደሆነ ታውቀዋለች።

ሽማግሌዎቹ ጋ ደወልን፤ ዝግ ነው። መርዶ ይዞ የሚሄድ ሰው ወሬው እንዳይቀድመው ስልኩን ይዘጋል። የእሷ አዲስ ቁጥር እዚያ ካለነው ማንም ጋ የለም። መቀመጥ አልቻልኩም። በቤት ጫማ፣ ነጠላው ራሴ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ወደ ቱነልባናው፣ ወደ ምድር ውስጥ ባቡሩ ጣቢያ፣ ሮጥኩ። አንድ ደቂቃም ቢሆን ቀድማ በቁሜ ትየኝ ብዬ ነው።

ተንቀሳቃሹ ደረጃ አናት ላይ ቆምኩ። ባቡር መጣ፣ ሰው ወጣ፣ እሷ የለችም። ሌላ መጣ፤ የለችም። ስንት ባቡር እንዳለፈ እንጃ። በመጨረሻ ሁለቱ ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ፣ እሷ መሐል ሆነው ብቅ አሉ። ጥቁር ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች፤ እኔ ለአባቷ ለቅሶ የለበስኩት ነው፣ መቼ ይዛው እንደሄደች አላውቅም። ቀና አለችና አየችኝ። አንደኛው ሽማግሌ አማተቡ። እሷ ደረጃው እስኪያወጣት አልጠበቀችም፣ እየሮጠች ወጣች። ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ብናኙን ጠረገችልኝ፤ ከዚያ ትከሻዬን በቡጢ መታችኝ።

“አመም ብሏታል ሲሉኝ አውቄ ነበር! መንገዱን ሙሉ ሞተሽብኝ ነበር!” አለች፤ በስዊድንኛ ጀምራ በአማርኛ ጨረሰችው። አቅፌያት ተንሰቀሰቅኩ። ሽማግሌዎቹ ይቅርታ ሲጠይቁ የሰማቸው የለም።

ቤት ስንደርስ እማማ ለለቅሶዬ የመጣውን ወጥ አሙቀው ጠበቁን። ልጄ ግን ሳሎኑ መሐል ሰሌዳው ፊት ቆማ ቀረች። የሠራሁት እኔ ነኝ ስላት አላመነችም። ዳበሰችው፣ በጣቷ አንኳኳችው፣ አንዱን ጫፍ ብድግ አድርጋ መዘነችው።

“ከባድ ነው።”

“የአያትሽ ቁምሳጥንም ከባድ ነበር፤ ይኸው እስካሁን አለ።”

ጎንበስ ብላ ሥሩን አየች። “መተንፈሻውስ? ፀሐይ ሲያገኘው ውስጡ ያለው አየር ይነፋና ኮላውን ይፈለቅቀዋል እኮ። አንድ ቀዳዳ ከነብሎኑ ያስፈልገዋል።”

አላደረግኩለትም። ሠላሳ ዓመት ላቦራቶሪ ቆሜ! አየር ሲሞቅ እንደሚነፋ ማን ይንገረኝ? መሰርሰሪያውን ሰጠኋት። እሷ ስትበሳ እኔ ሰሌዳውን ይዤ ቆምኩ። ዓይኗን እያየሁ መናገር አልችልም ነበርና ጣውላውን እያየሁ ተናገርኩ።

“ሰሌዳሽን መጣሌ በደል ነው። ያልኩሽ ግን ከዚያም ይብሳል። ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ስሞት ቀብሬ ላይ ቁሚ።”

መሰርሰሪያውን አቆመች። ቀዳዳው ላይ ያለውን ብናኝ እፍ ብላ አራገፈችው።

“እማዬ፣ አሁን መጥቼ የለ እንዴ?” አለችኝ።