በ«ኖር» የታጠፈ ጉልበት

ይህ ታሪክ ሊጻፍ ይገባዋል ወይ? እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ሌላው ስለ ዘመቻና ስለ ድል በሚጽፍበት ጊዜ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ጉልበቷ ብትጽፍ «ሌላ ወሬ አጣች?» መባሏ አይቀርም። ነገር ግን ያን ክረምት ባስታወስሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ ብድግ ያሰኘኛልና ልጽፈው።

ነገሩ የጀመረው ሰኔ ላይ ነው። ከጣና ዳር ወደ ቤት በተዋስሁት ብስክሌት ስበር ዝናብ ያረጠበው አስፋልት አንሸራተተኝና የቀኝ ጉልበቴ ሎሚ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ፤ አጥንቱ በሽቦ ታሰረ፤ እግሬም በጀሶ ተጠቀለለ። ነሐሴ ላይ ጀሶው ሲፈታ እግሬ እንደ መቃ ቀጥ ብሎ ቀረ። አልታጠፍም አለ።

ሐኪሙ አልደበቁኝም። «ከመስቀል በኋላ አይሻለሁ። ያን ጊዜ ዘጠና ዲግሪ ካልታጠፈ አዲስ አበባ ሄደሽ እንደገና ይከፈታል» አሉኝ። እንደገና ተከፈተ ማለት ደግሞ የተመደብሁበት ኮሌጅ ሳልመዘገብ ዓመቱ አለፈ ማለት ነው።

ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላኩኝ። ቃሉን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ባለሙያው ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነው። እናቴ «ዶክተር» ባለችው ቁጥር «እኔ ዶክተር አይደለሁም፤ ሐኪሙ ይሰፋሉ፣ እኔ አንቀሳቅሳለሁ» ይላታል። ጉልበቴን በሙቅ ፎጣ አፍታታና ተረከዜን ይዞ ቀስ እያለ አጠፈው። ጮህሁ።

«ጩኺ፤ ጩኸት አልተከለከለም። የተከለከለው ማቆም ነው።»

ቤት ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምሠራውን እንቅስቃሴ አሳየኝ። የታዘዝሁትን ማጓደል አልወድም፤ ሁሉንም ልፈጽም ቆርጬ ተመለስሁ። ግን ጠያቂ አለ! ፈረቃ ሲለቀቅ የአባቴ የፋብሪካ ጓደኞች ይመጣሉ። የእድር ሰዎች ይመጣሉ። ጎረቤት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመጣል። የሁሉም ቃል አንድ ነው፦ «አትንቀሳቀሽ!» እግሬን ከአልጋ አውርጄ ሳወዛውዝ ያየችኝ ጎረቤታችን እናቴን አፋጠጠቻት።

«አንቺ! ልጅቷን በቁስሏ ታሠሪያታለሽ?»

«ሐኪም ነው ያዘዘው።»

«ሐኪም መች አማጠ!»

ከዚያ ወዲያ እናቴ በር ላይ ኮቴ ስትሰማ ብርድ ልብሱን እስከ አንገቴ ትከድነኝ ጀመር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለሙያው ጉልበቴን ለካና ሳቁ ጠፋ።

«ካለበት ፈቅ አላለም። ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»

«ተኝቼ፤ ጠያቂ በዝቶብኝ» አልሁት አንገቴን ደፍቼ።

እናቴ ገባችበት። «እሷን የጨነቃት እግሯ ብቻ መሰለዎት? ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስታ ኖር ማለት አቅቷት በእፍረት ልትሞትብኝ ነው።»

ባለሙያው ቀና አለ። «ብዙ ሰው ይመጣል?»

«ኧረ ማን ቆጥሮት!»

«በቃ፣ ከእንግዲህ አልጋ የለም! ወንበር ላይ ትቀመጪያለሽ። ታላቅ በገባ ቁጥር ቀጥ ብለሽ ትነሺና ኖር ትያለሽ። ከዚያ ተረከዝሽን ወደ ኋላ ስበሽ፣ ቀስ ብለሽ ትቀመጪያለሽ። ስትነሺ ጡንቻሽ ይጠነክራል፤ ስትቀመጪ ጉልበትሽ ይታጠፋል። ወንበሩን እያደር ዝቅ ታደርጊዋለሽ።»

«ለዚህስ እኔም አልከለክላት» አለች እናቴ።

መነሳቱ ያማል፤ ከመነሳቱ የባሰው ግን «በእግዜር» ነበር። ታናሽ «ኖር» ብሎ ሲነሳ ታላቁ «በእግዜር!» ብሎ ማስቀመጡ ወግ ነው። ለእኔ ለበሽተኛዋ ሲሆን ደግሞ ትከሻዬን ጭምር ይጫኑኛል።

«በእግዜር! በሞቴ አትነሽ!»

«ታዝዤ ነው እማማ፣ ይልቀቁኝ!»

የቀበሌው ሊቀ መንበር እንኳ «ተቀመጪ ጓዲት፤ ይህ የፊውዳል ልማድ ነው» አለኝ።

«ሕክምና ነው፣ ጓድ!»

አጠገቡ የነበሩት ሳቃቸውን በነጠላ አፈኑ። እኔ ግን ከወገቤ ሳልቀና እየመለሱኝ ጳጉሜን ደረሰች፤ ጉልበቴም ገና ግማሽ መንገድ ነበር።

ያን ሰሞን የእናቴ አጎት፣ ደቅ ደሴት ላይ ቅኔ የሚያስተምሩት መሪጌታ፣ በጀልባ ተሻግረው ሊጠይቁኝ መጡ። ቤቱ በፋብሪካ ሰው ሞልቷል። «ኖር!» ብዬ ስነሳ እጃቸውን ለ«በእግዜር» አነሱ። እናቴ ቀደመቻቸው።

«የኔታ፣ አይከልክሏት! መድኃኒቷ መነሳቱ ነው፤ እንዲህ ስትነሳ ስትቀመጥ ነው የሚታጠፍላት።»

እኔ ጥርሴን ነክሼ እስክቀመጥ ድረስ ጠበቁ።

«እንግዲያ አንድ ጊዜ መግባቴ ምን ይረባታል?» አሉና ተመልሰው ወጡ።

ሁላችንም ተያየን። ወዲያው ጋቢያቸውን እያስተካከሉ፣ ገና ከጀልባ እንደ ወረደ እንግዳ ተከብረው ገቡ።

«ኖር!»

በእግዜር አላሉም። ዞረው ወጡ፤ ደግመው ገቡ። የአባቴ ጓደኞች በሳቅ ፈነዱ። አንዱ «ፈረቃ እንቀይራቸው እንጂ፣ አባታችን ደከሙ!» ብሎ ተነሳ፤ ሌሎቹም ተከትለውት ደጅ ተሰለፉ። አንዱ ሲገባ አንዱ ሲወጣ፣ እኔ ስነሳ ስቀመጥ፣ እንባዬ ከሳቄ ጋር ሲወርድ! ጎረቤታችን ግርግሩን ሰምታ መጣች፤ ትንሽ ካጉረመረመች በኋላ እሷም ተሰለፈች።

የዚያ ቀን ወሬ ሰፈሩን አዳረሰው። ከዚያ ወዲያ ትከሻዬን የሚጫን ጠፋ። ወንበሩን ትቼ ወደ አግዳሚው፣ ከአግዳሚው ወደ በርጩማው ወረድሁ። በርጩማው ላይ መጀመሪያ የተቀመጥሁ ዕለት ጉልበቴ ውስጥ የሆነ ነገር ለቀቅ ሲል ተሰማኝ፤ «ታጠፈ! ታጠፈ!» እያልሁ ስጮህ እናቴ የተሰበርሁ መስሏት ከጓዳ እየሮጠች ወጣች።

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ መለኪያውን ጉልበቴ ላይ አድርገው ቁጥሩን ጎንበስ ብለው አዩ። ባለሙያው በሳቸው ትከሻ ላይ አሻግሮ ያያል።

«ዘጠናን አልፏል» አሉ በመጨረሻ። «አዲስ አበባ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂና ተመዝገቢ።»

እናቴ ኮሪደሩን በእልልታ አናጋችው። ዘበኛው «እማማ፣ ሆስፒታል እኮ ነው!» ሲል ባለሙያው «ተዋቸው፣ ዛሬ አልተከለከለም» አለው። ከዚያው በቀጥታ ኮሌጅ ሄድን፤ ረጅሙን ሰልፍ በሁለት እግሬ ቆሜ ጨረስሁና ተመዘገብሁ። ቀኑ የመስቀል ማግስት ነበር፤ ማክሰኞ፣ መስከረም 18 ቀን 1975 ዓ.ም.።