የኢዙሞው መርዶ

ባለፈው ሳምንት ልጄ የጃፓን ካርቱን ሲያይ ስምንት ራስ ያለው ዘንዶ ብቅ አለና «እማዬ፣ ኢዙሞ የሚባል አገር እውነት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። የያዝኩትን ጭልፋ አስቀመጥኩ። እንዴት የለም! እኔ እኮ ለኢዙሞ ሰው አልቅሻለሁ፤ ያውም እኛው ግቢ ውስጥ።

ሳቺኮ በበጎ ፈቃድ ሳይንስ ልታስተምረን መጥታ እኛ ግቢ የተከራየች ጃፓናዊት ነበረች። እናቴ እንደ ልጇ ነበር የምታያት። አንድ ሐሙስ፣ ሳቺኮ ትምህርት ቤት ሳለች፣ ከቴሌ መልእክት መጣ፦ አባቷ በጠና ታመዋልና ቶሎ ትምጣ።

እናቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። «በቃ፣ ሰውዬው አርፈዋል» አለች። እኛ አገር እንዲህ ነው፤ ሰው ሲሞት ለቤተሰቡ መጀመሪያ «ታሟል» ነው የሚባለው። መርዶ ደግሞ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ በማለዳ ነው የሚነገረው። «ወገን በሌለበት አገር ብቻዋን መርዶ ትስማ? በስመአብ! ቅዳሜ ሰው ይሰብሰብላት፤ እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትዪ!»

ዓርብ እራት ላይ ሳቺኮ ስለ አገሯ ታወራን ጀመር። ኢዙሞ የጥንት ግዛት ነው፤ የጃፓን አፈ ታሪክ ግማሹ እዚያ ነው የሚፈጸመው። አንድ ባል የሞተች ሚስቱን ሊመልስ ሙታን አገር ወረደ፤ የመውረጃው በር ኢዙሞ ውስጥ ነው ይባላል። ሚስቲቱ ግን የሙታንን ምግብ ቀምሳ ነበርና «ምነው ቀደም ብለህ በመጣህ!» አለችው። ይህን በልጅነቷ ያወሩላት አባቷ እንደሆኑ ስትነግረን እናቴን የጎረሰችው ሽሮ ትን አላት። እኔም አንገቴን ደፋሁ። የልቅሶው ንፍሮ ጓዳ ተቀቅሎ ተቀምጧል።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ሰፈሩ በሯ ላይ ዋይ አለ። ምስኪን፣ በሌሊት ልብሷ ወጥታ «ማን ሞተ?» አለች። ሲነገራት ወደ ቴሌ ሮጠች፤ እስኪከፈት ደጁ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ደውላ ስትመለስ ፊቷ አመድ መስሏል።

«አባቴ አልሞተም» አለች። «ከሐሙስ ጀምሮ እየጠራኝ ነው።»

የዕለቱ አውቶቡስ ሄዷል። እሑድ ተሳፈረች፤ አዲስ አበባ ደርሳ ወደ አገሯ ስትደውል አባቷ በእውነት አርፈው ነበር።

ከወር በኋላ ስትመለስ እናቴ በጫንቃዋ ድንጋይ ተሸክማ፣ ደጅ ተንበርክካ ጠበቀቻት። ሳቺኮ ድንጋዩን አውርዳላት፣ አቅፋት አለቀሰች። ይቅር አለቻት። እናቴ ግን ራሷን ይቅር አላለችም። አምና ልትሞት ስትል እጄን ይዛ «አንቺስ ደረስሽልኝ። ያቺን ልጅ ነው እኔ ያስቀረኋት» ያለችኝ አሁንም ያንገበግበኛል። ከክፋት ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር፤ ከፍቅር ነበር እኮ!

ለልጄ ይህንኑ ነገርኩት። ካርቱኑን አጥፍቶ አጠገቤ መጣና ቀሚሴን ያዝ አደረገ።

«እማዬ፣ አንቺ ስትታመሚ ግን ወዲያው ይነግሩኛል አይደል?» አለኝ።