ሰባት ቁጥር በእግሩ ሲሄድ

ጋራዥ ውስጥ ሁሉም «ፍሬን» ነው የሚሉት። ለስድብ አይደለም። ሰባት ቁጥር አውቶብስን ሲያቆም ቆሞ የሚሄድ ተሳፋሪ እንኳ አይነቃነቅም፤ እንቁላል የያዘች ሴት ሌላውን አሳልፋ የሱን ተራ ትጠብቃለች ይባላል። ይህን ሲነግሩት አንገቱን ይደፋል፤ ደስ ሲለው እንደዚያ ነው። ሃምሳን ሊደፍን ምንም አልቀረውም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ከመሪ ጋር ተጋብቶ የሚኖር ሰው ነው።

ሰባት ቁጥር ደግሞ እንዲሁ መስመር አይምሰላችሁ። ከዳር ሰፈር ተነስቶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ የከተማውን መሃል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። የገና በዓል ሲቃረብ ከተማው የሚያብድባቸው ቦታዎች ሁሉ በሱ መንገድ ላይ ተደርድረዋል። በመብራት የሚንቆጠቆጠው ትልቁ ጎዳና አለ፤ አሻንጉሊቶች በመስኮቱ ውስጥ የሚጨፍሩበት ባለ ብዙ ፎቅ መደብር አለ፤ ትኩስ ቸኮሌት ቤቱ አለ፤ የዶናቷ ሴትዮ ድንኳን አለ፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ አደባባዩና አንገት የሚያሳምመው የገና ዛፍ። አደባባዩ ጋ ሲደርስ «ወራጅ አለ!» የማይል የለም። አውቶብሱ ይራገፋል። ፍሬን በሩን ይዘጋና ባዶ ወንበር ጭኖ ወደ መጨረሻው ፌርማታ ይነዳል።

የገናን ዕለት ለዓመታት እንዲህ ነው ያሳለፈው። ልጆች ያሏቸው ሾፌሮች ቤታቸው ይዋሉ ብሎ ተራቸውን ይወስዳል። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከቤት የያዛትን ዳቦ በሻይ እያወራረደ እህቱ ጋ ይደውላል። ጉዱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እህቱ ታላቁ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፉን እየፈታ ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ዛሬም ራቅ ያለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ልብስ እየሰፋች ትኖራለች፣ ዛሬም «ማሙሽ» ነው የምትለው። በደወለ ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነው።

«ብቻህን ነህ እንዴ?»

ታዲያ ምን ይበላት? «ኧረ እትዬ፣ ምን ብቻዬን! ከነጓደኞቼ አደባባዩ ላይ ነን እንጂ!» ይላታል፣ ዳቦውን ወደ አንድ ጉንጩ ገፍቶ። ከዚያ አያቆምም። ቸኮሌቱን ጠጥተው እንደወጡ፣ ዶናቱን እንደተሻሙ፣ የዶናቷ ሴትዮ ደንበኛው ስለሆነች ባየችው ቁጥር እጇን እንደምታውለበልብለት ይነግራታል። ይህቺኛዋ እንኳ እውነት ነበረች። እህቱ ስቃ፣ መርቃ ስልኩን ትዘጋለች። እሱም ዳቦውን ይጨርሳል። እሷን በሰላም የምታስተኛ ውሸት በመሆኗ ብዙም አይጸጸትባትም ነበር።

ዘንድሮ ግን እህቱ ራሷ ደወለች። «የገና ለታ መጣሁልህ! ያንን የምታወራልኝን ሁሉ ታዞረኛለህ» አለችው።

ፍሬን ደስታው ከላይ፣ ድንጋጤው ከታች ሆኖ ጋራዥ ገባ። እዚያ «ክላክስ» የምትባል ሾፌር አለች፤ ድምጿ ያለ ማይክ ጋራዡን ስለሚያዳርስ ነው። ነገሩን አዋያት።

«ታዲያ ምን እንዲህ ያርድሃል? አዙራታ!» አለችው።

«ምን ብዬ ነው የማዞራት? አንዱንም ቀምሼ አላውቅ! እነዚያን ገናዎች በሙሉ ብቻዬን እንዳሳለፍኩ ካወቀች ዕድሜዋን ሙሉ ነው የምታዝነው። እኔ እንደሆንኩ እሷን ማሳዘን አልችልም።»

«መንገዱን እኮ ዓይንህን ጨፍነህ ታውቀዋለህ። ሂድ ወዲያ! ተራህን እኔ እነዳልሃለሁ፤ ስንት ገና ነድተህልኛል።»

እውነትም መንገዱን ያውቀዋል። ይህ ትንሽ አጽናናው። ጸጉሩን ተከረከመ፣ ኮቱን አስተኮሰ፣ መስታወት ፊት ቆሞ «እኔማ ሰልችቶኛል እትዬ» ማለትን ተለማመደ።

እህቱ የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ከአውቶብስ ተራ ስትወጣ አጭር፣ ፈጣን፣ ትልቅ የእጅ ቦርሳ ደረቷ ላይ የታቀፈች ሴት ናት። ጉንጩን አገላብጣ ሳመችውና «ከስተሃል» አለችው፤ አልከሳም ነበር። «በል እንሂድ፣ ምን ያስቆመናል?»

መሄዱንስ ሄዱ። ችግሩ ፍሬን ይህን መንገድ በእግሩ ረግጦት አያውቅም። እግሩ የሚያውቀው ፔዳል ነው። እህቱን አስከትሎ የወጣው ሰው ሳይሆን ሰባት ቁጥር ራሱ ነበር። ፌርማታ ባየ ቁጥር ቀስ ብሎ ይቆማል፣ በቀኝ ትከሻው ወደ ኋላ ያያል፣ ማንም እንዳልቀረ አረጋግጦ ይነሳል። ሊታጠፍ ሲል እጁን ዘርጋ ያደርጋል። መስቀለኛ መንገዱ ጋ ለመኪና አረንጓዴ ሲበራ ዘው ብሎ አስፋልት ገባ፤ እህቱ የኮቱን ጭራ ይዛ ባትጎትተው ኖሮ ገናው እዚያው ያበቃ ነበር።

«አብደሃል እንዴ ማሙሽ!»

«በርቶልን እኮ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ወደ መደብሩ የሚያቀና አጭር መንገድ በግራ በኩል ነበር። ሰው ሁሉ በዚያ ይጎርፋል። ፍሬን ግን ቀጥ ብሎ አለፈው።

«በዚህ በኩል አይደለም እንዴ? ያው መብራቱ ይታያል» አለች እህቱ።

«በዚህ አይቻልም እትዬ፣ ወደ ግራ መታጠፍ ክልክል ነው።»

እህቱ ቁልቁል ጫማዋን አየች። «ጎማ አብቅለናል እንዴ?»

አልሰማም። ግንቡን ዞሮ፣ ባንኩን ዞሮ፣ በሰባት ቁጥር ሕጋዊ መንገድ መደብሩ ጋ አደረሳት። እሷ እየሳቀች እንባዋን ትጠርጋለች፤ እሱ ደግሞ ስለሳቀች ብቻ በአየር ላይ ይሄዳል። እንዲህ ስትስቅ ካያት ስንት ዘመኑ። እንደ ልጅነቱ ቀሚሷን ይዞ መሮጥ አማረው።

«ይኸውልሽ ያ በስልክ የነገርኩሽ!» አለ፣ በመስኮቱ ፊት የተጠቀጠቀውን ሰው በክርኑ እየከፈተላት። «አህያው ከበሮ ሲመታ አታይም?»

እህቱ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። ውስጥ ቀይ ሰደርያ የለበሰ ጥንቸል ከበሮውን ይደልቃል። ፍሬን በነዳባቸው ዓመታት ሁሉ ከሰው ራስ በላይ ያየው ረጃጅም ጆሮዎቹን ብቻ ነበር።

«ይሄ እኮ ጥንቸል ነው።»

«ዘንድሮ... ቀይረውታል ማለት ነው» አለ ፍሬን።

ቸኮሌት ቤት ገቡ። አንድ ኩባያ ብቻ አዘዘ። «አንተስ?» ስትለው መስታወት ፊት የተለማመደውን አወጣው፤ «እኔማ ሰልችቶኛል እትዬ።» ላዩ ላይ ክሬም እንደ ጥጥ የተቆለለበት ኩባያ ከነብስኩቱ አፍንጫው ሥር ቀረበ። ሽታው ጉሮሮው ድረስ ወረደ። በደስታና በጭንቀት ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም ነበርና ሆዱ ቤቱ ሙሉ ሰው እየሰማው አጉረመረመ።

«ምንድነው እሱ?» አለች እህቱ።

«አውቶብስ ነው።»

እሷም ብስኩቱን ከሁለት ሰበረችና ግማሹን በላች። ሌላውን ግማሽ የት እንዳደረሰችው አላየም፤ ዓይኑን ከብስኩቱ ላይ ለማንሳት ሲታገል ነበር።

ቀጥሎ የዶናቷ ሴትዮ ነበረች። እዚህ እንኳ ፍሬን ልቡን ሞላ፤ ደንበኛው ናታ! ደረቱን ነፍቶ ድንኳኑ ፊት ቆመና ፈገግ አለ። ሴትዮዋ ዘይቱ ውስጥ ዶናት እያገላበጠች «ስንት ልስጥህ ወንድም?» አለችው፣ መንገደኛ እንደምታናግር።

ፍሬን ፈገግታውን ጨመረ። እሷ ግን ምንም። እህቱ ቀና ብላ አየችው።

«ደንበኛህ ይህቺ ናት?»

ምን ያድርግ? ጨነቀው። ድንኳኑ ጋ ባለፈ ቁጥር እንደሚያደርገው፣ ግን ያለ አውቶብስ፣ በባዶ አፉ «ጲ-ጲጵ!» አለ።

ሴትዮዋ ጭልፋዋን ዘይቱ ውስጥ ጣለችው። «ሰባት ቁጥር!» ብላ ጮኸች። ከድንኳኗ ወጥታ፣ በዱቄት እጇ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። «አንተ ነህ እንዴ! እግር አለህ ለካ! ስንት ዓመት ሙሉ ጲ-ጲጵ እያልክ ታልፈኛለህ፣ አንድ ቀን እንኳ ወርደህ ቀምሰህልኝ አታውቅ! ለገና እንኳ ያችን ባዶ አውቶብስህን ይዘህ ብቻህን ስትመለስ ሳይህ አንጀቴን ነው የምትበላው!»

አለቀ። ፍሬን መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እህቱን ለማየት ፈራ። በመጨረሻ ሰርቆ ሲያያት ሴትዮዋ ያቀበለቻትን ስኳር የተነሰነሰበት ዶናት ገምጣ ቀስ ብላ እያላመጠች ነው። «እጅሽ ይባረክ» አለቻት ሴትዮዋን፣ ሌላ ምንም።

ወደ አደባባዩ ወጡ። አልሰማች ይሆን? ጫጫታው ብዙ ነው፣ ምናልባት አልሰማች ይሆናል። ዛፉን ልክ በሰዓቱ ካሳየኋት ሁሉም ይረሳል ብሎ አሰበ። ሲያመሻሽ መብራቱ አንድ ላይ ቦግ ሲል ማየት ነው የዓመቱ ትልቁ ነገር። ግን አደባባዩ አፍ ላይ ሲደርሱ ሰው እንደ ግንብ ቆሟል። እህቱ አጭር ናት። ከፊቷ ያለው የአንድ ወፍራም ሰውዬ ጀርባ ብቻ ነው። ፍሬንም በጣቱ ቆሞ የዛፉን ጫፍ እንኳ አላገኘውም። ለካ ዛፉ የሚታየው ከሾፌር ወንበር ላይ ሆነው ነው! እህቱን ያን ያህል መንገድ አስመጥቶ የሰው ጀርባ ማሳየቱ ሊያስለቅሰው ደረሰ።

ይሄኔ ከኋላቸው ጥሩምባ ተነፋ። «አንተ ፍሬን! ቆመህ ምን ታለቅሳለህ፣ ውጣ!»

ክላክስ ናት፣ ሰባት ቁጥርን ይዛ። አውቶብሱ በሰው ተከቦ ከፌርማታው ትንሽ ቀደም ብሎ ቆሟል። በሩን ከፈተችላቸው። ፍሬን እህቱን ደግፎ አወጣትና ከሾፌሩ ቀጥሎ ያለችው የፊት ወንበር ላይ አስቀመጣት። በትልቁ የፊት መስታወት ከሰው ራስ በላይ አደባባዩ ተዘርግቷል። ደቂቃም አልቆየ፣ ዛፉ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቦግ አለ። ሕዝቡ እልል አለ፣ ተሳፋሪው አጨበጨበ፣ ክላክስ ስሟን አስመሰከረች።

«እዪው እትዬ፣ እዪው!»

እህቱ ግን ዛፉን አላየችም። የምታየው እሱን ነው። «ከዚህ ሆነህ ነው የምታየው» አለች። ጥያቄ አልነበረም።

«እትዬ... ሰማሻት ማለት ነው።»

«ድሮ ነው የማውቀው። ስንት ዓመት ሙሉ ስለ ዶናት አወራኸኝ፤ እንዴት እንደሚያብረቀርቅ፣ ስንት ሰው እንደሚሰለፍለት። አንድ ቀን ጣፈጠኝ ብለኸኝ ታውቃለህ? የቀመሰ ሰው መጀመሪያ የሚናገረው እሱን አይደለም ወይ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሺኝ?»

«ስታወራልኝ ደስ ይልህ ነበራ! እኔ መብራት ለማየት የመጣሁ መሰለህ? ከሰው ጋር እንድትበላ ነው የመጣሁት።» ይህን ብላ ያን ትልቅ ቦርሳዋን ከፈተች። ከመሐረብ ውስጥ የብስኩቱን ግማሽ አወጣች። ከሌላ መሐረብ ውስጥ የዶናቱን ግማሽ አወጣች፣ ስኳሩ ጨርቁ ላይ ተለጥፏል። «እንካ። ሆድህ ሲጮህ አውቶብስ ነው ያልከኝ ጊዜ ልፈነዳ ነበር።»

ፍሬን ጎረሰ። ዶናቱ ቀዝቅዟል፣ ተጨፍልቋል፣ ትንሽ የሳሙና ሽታ አለው። አላመጠው። እንባው ሳያስፈቅደው ወረደ፣ እየሳቀ ደግሞ አፉን ሞልቶ ተነፈሰና ስኳሩን ኮቱ ላይ ሁሉ በተነው። ክላክስ ዞር ብላ አፍንጫዋን ሳበችና ጉንፋን ነው አለች።

«እህስ?» አለች እህቱ።

«ይጣፍጣል እትዬ። እንዴት ይጣፍጣል!»

«ትኩሱን ስትቀምሰው ደግሞ ጉድ ትላለህ።» መሐረቦቿን አጥፋ ከተተች፣ ቦርሳዋን ታቀፈች፣ የወንድሟን እጅ ይዛ ከወንበሯ ተነሳች። ሰዉ መንገድ ለቆ ነበርና አውቶብሱ ቀስ ብሎ አደባባዩ ጋ እየደረሰ ነው። እህቱ ክላክስን በሚያስንቅ ድምፅ ጮኸች።

«ወራጅ አለ!»

በሩ ተከፈተ። ፍሬን ከልማዱ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ፣ ከዚያ ወረደ።