በሐሙሲት ገበያ ነሐስ ፍለጋ
የእህል ወፍጯችን ከቆመ ሰንብቷል። ዘንጉን አቅፎ የሚይዘው የነሐስ ቀለበት አልቆ ነው። ባለቤቴ መስቀል ቀርጾበት ለክፉ ቀን ያስቀመጠውን ትርፍ ቀለበት ደግሞ አምና ሌባ ወስዶታል። ደብረ ታቦር ያለው የቶርኖ ባለሙያ፣ «እማማ፣ በብረት ብሠራልዎ ዘንጉን ይበላዋል፤ አሉሚኒየምም አይችለውም። ደህና ነሐስ ያምጡልኝና በልኩ ላውጣልዎ» አለኝ። ልጆቼን የማሳድረው በዚያው ወፍጮ ነውና ባዶ እጄን አልመለስም ብዬ ሐሙሲት ወረድሁ።

ነሐስ የተቀባ ብረት እንዳይሸጡልኝ፣ ከአሮጌ ራዲዮ የወጣች ማግኔት በጥቁር ክር አንጠልጥያለሁ። እሷ ከሳበችው ብረት ነው። ቁርጥራጭ ብረት በሚሸጥበት ተራ፣ «እመቤቴ፣ አንቺው ምሪኝ» እያልሁ በየዕቃው ላይ አወርዳታለሁ። ገበያተኛው ቀስ በቀስ ጸጥ አለ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ለጓደኛዋ፣ «የሌባ መፈለጊያ ይዛ ነው! የተሰረቀ ዕቃ ላይ ሲደርስ ይዞራል አሉ» ስትል ሰማሁ።

የንስሐ አባት ያለኝ ሴት ጠንቋይ ልባል? «ኧረ ልጄ፣ ብረት መለያ ናት!» ብላት፣ «እሱማ አይነገርም» ብላ አማተበች። አፈርሁ፤ ቢሆንም ነሐሱን ሳላገኝ አልሄድም ብዬ ቀጠልሁ።

ጥግ ላይ ያለው ሻጭ ገና ሳልደርስበት ላብ አጠመቀው። ከጆንያው ሥር አንድ ነገር አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠና፣ «እማማ፣ በማርያም ስሜን እንዳያወጡት፤ እኔም ከሰው ነው የገዛሁት» አለኝ።

ማግኔቷ አልሳበችውም። ጠርዙ ላይ የባለቤቴ መስቀል አለ።